ስለ አንድ ቀርፋፋ ጨዋታ የእኛ ቤት አስተያየት

የኮምፒውተር ጨዋታው በሚወርድበት ገጽ ላይ፣ ከሥዕሎቹ ዝቅ ብሎ፣ ተጫዋቾች የተሰማቸውን የሚጽፉበት ቦታ አለ። ለሌላ ሰው ይመክሩታል ወይስ አይመክሩትም ብሎ ይጠይቃል። እኔም ልጽፍ ቁጭ ብዬ ተነስቻለሁ። አንደኛ፣ ጨዋታውን አልጨረስነውም። ጨዋታው ውስጥ ያለችው ሴትዮ ፎቅ ላይ ካለው የመጨረሻ በር ፊት እንደቆመች ናት። ያልጨረሱትን ነገር ማማትም ማሞገስም ደግ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ የጻፉትን ሳነብ ደሜ ይፈላል።

ቀርፋፋ ነው ይላሉ። ሴትየዋ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እስክትደርስ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ ያለ አለ። የሚያሳድድ የለ፣ የሚተኩስ የለ፣ ዝም ብሎ ዕቃ መነካካት ነው ያለም አለ። ካላሳደዱህ አይሆንልህም እንዴ ወንድሜ? እኛ ቤት የገባው እኮ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። እስክትነካው ድረስ ይጠብቃል። ብትቆይም አይቆጣም፣ ፊቱን አያጠቁርም። በዚያን ሰሞን ደግሞ እኛ ቤት መጠበቅ የሚችል ሰው አልቀረም ነበር።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። አባዬ ሸማኔ ነው፤ በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ እዚሁ ጉለሌ የቀረ። የሽመና ዕቃው የተተከለው በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። እግሩን ከዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ከቶ ሲሸምን መስኮቱ የግቢያችንን በር ያሳየዋል፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አያይም። የመጣው ሰው ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል፤ አባዬ ዓይኑን ከድሩ ሳያነሳ "ደጆች!" ይላል። መቼም ይሄ የሁሉም ቤት ወግ ነው። የአባዬ "ደጆች" ግን ለብቻው ነበር። "ደ"ን ጎተት፣ "ጆች"ን ወርወር ያደርጋታል፤ ልክ መወርወሪያው በድሩ መሀል ሽው ሲል አብራ ትወጣለች። የሰፈሩ ሴቶች ጉዳይ ሳይኖራቸው በበራችን ሲያልፉ ጠርተውት ይስቃሉ።

እኔ ቁልፍ አለኝ። ቢሆንም ከሥራ ስገባ ቁልፉን በእጄ ይዤ "ቤቶች!" ማለቴ አይቀርም ነበር።

"ደጆች! ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።"

"ልጅህ ነኛ!"

"የትኛዋ ልጄ?" ይላል፤ ያለችው አንዲት እኔ። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ከሱ ጋር የተቀመጠ ሰው ሊነሳ ፈልጎ እግሩ እምቢ ይለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ። እማዬ ድምፁን ሰምታ ነው የሮጠችው፤ ሲሠራ መወርወሪያ ወድቆበት ስለማያውቅ። ስትሮክ ነው ተባልን። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን ተያዙ። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ሲቀለድ ዓይኑ ይስቃል። ቃል ግን አይወጣውም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በትዕግሥት አስረዳችን፤ ቃላቱ አልጠፉም፣ መውጫቸው ነው የተዘጋው፤ ሊከፈት ይችላል፣ ላይከፈትም ይችላል፤ ብቻ እባካችሁ አታስጨንቁት አለችን።

እኛ ደግሞ አስጨነቅነው። ዘመድ አዝማድ እየመጣ ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል። "ይሄ ምንድን ነው? እስቲ ብርጭቆ በል።" "የልጅህን ስም ጥራ እስቲ።" በአማርኛ እምቢ ሲል በአገራችን ቋንቋ ይሞክሩታል። አፉን ይከፍታል፣ ግንባሩ ላብ በላብ ይሆናል፣ የደም ሥሩ ይገተራል፤ የሚወጣው ግን እንባ ነው። አንድ ቀን ወደ ግድግዳው ዞረና አፉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ መሞከሩንም ተወው። እማዬ "ቤቴ ትምህርት ቤት አይደለም!" ብላ ጠያቂውን ሁሉ ገሠጸች፤ ግን የሆነው አንዴ ሆኗል። የሽመና ዕቃውን እንዳያየው ጋቢ አለበስነው። እኔም በሩ ላይ መጥራቴን ተውኩ። ጠርቼ ዝም ብባልስ? ቁልፉን ቀስ አድርጌ አዙሬ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ መግባት ጀመርኩ። የምፈልገው አንድ ቃል ነበር። ምንም ይሁን። ስድብም ቢሆን ግድ የለኝም፣ ብቻ ከሱ አፍ ይውጣ።

ባለሙያዋ ለእጁም መፍትሔ አላት፤ ጣቶቹን የሚያሠራ፣ የሚወደው ነገር ፈልጉለት አለች። የሚወደው ሽመና ነው፤ ሽመናው ደግሞ ያስለቅሰዋል። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካለ ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ይሄንኑ ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራለት "በአንድ እጅ የሚሆን፣ ሰው የማያጣድፍ ጨዋታ አለ" ብሎ በፍላሽ ሰጠኝ። እኔም ከኮሌጅ የተረፈችኝን አሮጌ ላፕቶፕ አቧራዋን ጠርጌ፣ ማውስ ሰክቼ፣ አባዬ ፊት አስቀመጥኩለት።

የጨዋታው ነገር ቀላል ነው። አንዲት ሴት ሐይቅ ዳር ወዳለ የአክስቷ ቤት ትመጣለች። አክስትየዋ የለችም። ሴትየዋ ዕቃውን እየፈተሸች፣ በር እየከፈተች፣ አክስቷ የት እንደሄደች ትፈልጋለች። አንተ በማውሱ የስክሪኑን ቀስት ወስደህ ነገሩን ትነካለህ፤ እሷ ሄዳ ታነሳዋለች ወይ ትከፍተዋለች። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማውሱን አሳየሁትና "እንደዚህ ነው የሚያዘው" አልኩት። አየኝ። ማውሱን በደህናው ግራ እጁ አንስቶ፣ በጠረጴዛው ላይ ሽው አድርጎ ወደ ቀኝ እጁ ሰደደው። ቀኙ ሊቀበል ሞከረና አመለጠው። አንስቶ ደግሞ ሰደደው። መወርወሪያ አድርጎታል ለካ! "አባዬ፣ ይሄ አይወረወርም" እያልኩ በሳቅ ፈረስኩ። እሱም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ያ ግማሽ ፊት እንዴት እንደናፈቀኝ!

ማውሱ ሲገባው ወደደው። የአክስትየዋን ግቢ ዞረ፤ አበባውን ነካ፣ የውኃ ጉድጓዱን ነካ፣ አጥር ላይ ያለችውን ድመት ደጋግሞ ነካ። ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን እጁን አነሳ።

"በሩን ንካው አባዬ፤ ይከፈታል" አልኩት።

ማውሱን ወደ እኔ ገፋው። ራሴ ነካሁለት፤ በሩ ተከፈተ፣ ሴትየዋ ገባች። አባዬ ፊቱን አዞረ። በማግስቱም ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም ቀን በሩ ሥር ሲደርስ ማውሱን ገፍቶ ተቀመጠ። ድመቷን የሚያውቅ ሰው በር ምን እንደሆነ ጠፋው ማለት ነው? አእምሮውም ሊሄድብን ነው እንዴ? አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ በስልኬ የተጫዋቾቹን አስተያየት አገላበጥኩ፤ እዚያች በር ላይ የቆመ ሌላ ሰው ካለ ብዬ። የጉድጓዱ ክዳን ያስቸገረው አለ፣ ሳሙናው የጠፋበት አለ። በሩ ላይ የቆመ አንድም ሰው የለም። እንዴት ይኑር፣ ያልተቆለፈ በር! ታክሲ ውስጥ ሻሼን ዓይኔ ድረስ ስቤ አለቀስኩ።

የዚያን ቀን ማታ እማዬ ፈትል እየፈተለች ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩን አትጠጋውም፤ ዓይን ያጠፋል ትላለች። አባዬ በሩ ላይ ሲደርስ ማውሱን ሲገፋ አየችው።

"ምን ሆኖ ነው?"

"በሩን አልነካም አለ።"

"የማን ቤት ነው?"

"የአክስቷ።"

"አክስቷ አለች?"

"የለችም እማዬ፤ እሷን እኮ ነው የምትፈልገው።"

"ታዲያ ማን ግቢ አላት?"

ሳቅኩ። "እማዬ ደግሞ፣ ጨዋታ እኮ ነው!"

"ጨዋታ ቢሆንስ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የሰው ቤት ዝም ብሎ ይገባል? ቤቶች አይባልም? እሱ የጨዋ ልጅ ነው፤ የሰው በር በርግዶ አያውቅም።" እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ስክሪኑ ድረስ መጣችና ጎረቤት እንደምትጠራው "ቤቶች!" አለች።

የመለሰ የለም። እማዬ ግን ወግ ታውቃለች፤ ሰው ከመኝታው ተነስቶ ጫማውን አጥልቆ እስኪመጣ የሚበቃ ያህል ጠበቀች። ከዚያ "በቃ፣ ጠርተናል። አሁን ግባ የኔ ጌታ" አለችው።

አባዬ በሩን ነካው።

ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። አባቴ ምንም አልጠፋበትም! እዚያ ውስጥ ሙሉውን አለ፤ ምግባሩ ሳይቀር።

ከዚያች ማታ ወዲህ ጨዋታው የሦስታችን ሆነ። አባዬ ይነካል፣ እኔ አነባለሁ፣ እማዬ በየበሩ "ቤቶች!" ትላለች። የጓዳው በር፣ የቁም ሳጥኑ በር፣ የዶሮ ቤቱ በር ሳይቀር። እሷ ሳትጠራ የአባዬ ጣት አይንቀሳቀስም። እማዬ አስተያየትም አላት፣ ያውም ሞልቶ የተረፈ። "ይቺ ልጅ እህል የሚባል ነገር አትቀምስም?" ትላለች። "ከመጣች ጀምሮ ቁጭ ስትል አላየኋትም፤ ምስኪን።" ሰዎች ቀርፋፋ ነው ይሉታል ስላት "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እነሱ ምን አስቸኮላቸው?" አለች። ደግሞ ሴትየዋ ያገኘችውን ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ መክተቷ እማዬን ያበሳጫታል። ማንኪያ፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ የማታውቀው ሰው መነጽር። "ወይ ጉድ! ቆንጆ ናት፣ ግን እጀ ረጅም ናት። እናቷ አልቆነጠጠቻትም።"

አባዬም ያስባል። አንድ ቀን የአክስትየዋ የአንገት ልብስ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘን። አባዬ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ጥለቱን ረጅም ጊዜ አየው። ያን ጨርቅ ካልወሰድን አንድ እርምጃ አንሄድም፤ ባልዲው ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው በሱ ታስሮ ነው። አባዬ ወይ ፍንክች! የሰው ልብስ! በመጨረሻ እማዬ አስታረቀችን። "በውሰት ነው። ስትጨርስ አጥባ ትመልሳለች" አለችው። ወደ እኔ ዞሮ ዓይኔን አየ፣ እንድምልለት። ማልኩ። ጨዋታው የወሰዱትን መመለስ እንደማይፈቅድ ቀድሜ አንብቤያለሁ፤ ዝም አልኩ። ጨርቁ ጭቃ ውኃ ውስጥ ሲገባ አባዬ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። የሸፈነው በቀኝ እጁ ነበር! እማዬና እኔ ተያየን፤ እንዳናስጨንቀው ያላየን መሰልን።

እጁ እንዲህ እንዲህ እያለ መጣ። ሸሚዙን ራሱ መቆለፍ ጀመረ። አፉ ግን እንደተዘጋ ነው። ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ነው የሚስቀው።

ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እኔ ደግሞ መለገም ጀመርኩ። ምክንያቱም አስተያየት ሰጪዎቹ አፋቸውን አይዘጉም፤ መጨረሻውን ጽፈውታል። ፎቅ ላይ ካለው በር ጀርባ ማንም የለም አሉ። ባዶ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ ሐይቅ፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጨልማል፣ አለቀ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የደከምነው ብለው ተራግመዋል። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ያ ሁሉ በር ሲጠራ ከርሞ፣ በመጨረሻ አባዬ መላሽ የሌለበትን ክፍል ሊያይ ነው። ደግሞስ ይሄ ሲያልቅ በምን እንሰበሰባለን? "ዛሬ ደክሞኛል አባዬ፣ ነገ" እያልኩ ቀናት ገፋሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ልትገዛ ሄደች። ልብስ አጥቤ አስጥቼ ስገባ አባዬ ኮምፒውተሩን ራሱ ከፍቶ ተቀምጧል። ሴትየዋን ደረጃውን አስወጥቶ ከመጨረሻው በር ፊት አቁሟታል። እጁ ማውሱ ላይ ነው። አየኝ።

"እማዬ ትምጣና ትጥራ" አልኩት።

በጣቱ ጠረጴዛውን ቆረቆረ። አልጠብቅም ነው።

እኔ ያቺን ቃል ከታመመ ወዲህ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። እማዬ በየበሩ ስትል እንኳ አብሬ አልልም ነበር። "ቤቶች" አልኩ፣ ለራሴም ሳይሰማኝ።

አባዬ ቅንድቡን አነሳ። ይሄም መጥራት ተብሎ ነው? ያለኝ መሰለኝ። ሳቄ መጣ። እንባዬም መጣ። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ድሮ በሩ ላይ ቁልፌን ይዤ እንደምጠራው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ "ቤቶች!" አልኩ።

ጠበቅን። ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ።

"ደ..." አለ። ሳል መሰለኝ። "ደ... ጆች።"

እንደ ድሮው አልተወረወረችም። እንደ ከባድ ጆንያ ተጎትታ ነው የወጣችው። ግን ሙሉ ናት። እሱ ከኔ በላይ ደነገጠ፤ ማን ነው የተናገረው እንደማለት አፉን በመዳፉ ነካ። መጮኽ አማረኝ፤ ቃሏ ደንግጣ የምትበር መስሎኝ ፈራሁ። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ ጉልበቱን ሳምኩት። ስሜን ጥራ አላልኩትም። ውኃ በል አላልኩትም። ቀና ብዬ፣ ቀስ ብዬ "ቤቶች" ብቻ አልኩት።

"ደ... ጆች" አለኝ፣ እንባው እየወረደ።

ያኔ የግቢው በር ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። እማዬ ዘንቢሏን ይዛ አንድ እግሯን አስገብታለች።

"እማዬ አትግቢ!"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ምን ሆነ? ሰውዬው ምን ሆነ?"

"ኧረ ምንም! ደኅና ነው። ውጪና ጥሪ።"

"ምን?"

"ውጭ ቁሚና ቤቶች በይ።"

"አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ? ቁልፉን ይዤ?"

"በሞቴ እማዬ! በሞቴ!"

ዘንቢሉን ከእጇ ተቀበልኩ፣ ወደ ኋላ መለስኳት፣ የቆርቆሮውን በር ፊቷ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ግራ በገባው ድምፅ "ቤቶች?" አለች።

ጋቢ ከለበሰው የሽመና ዕቃ በላይ፣ በተከፈተው መስኮት፣ "ደ... ጆች!" የሚል መጣ።

በሩን በርግዳ የምትገባ መስሎኝ ዞር አልኩላት። አልገባችም።

"ቤቶች!" አለች፣ አሁን ጮክ ብላ።

"ደጆች!"

"ቤቶች!"

"ደጆች!"

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "ምነው፣ ቁልፍ ጠፋባት እንዴ?" ትለኛለች። ምን ልበላት? በሩን ከፈትኩት። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ይዛ ቆማለች። አየችኝ፣ እጇን ሰዳ በሩን ራሷ መልሳ ዘጋችውና እንደገና "ቤቶች!" አለች። የዚያን ሁሉ ጊዜ ዝምታ በአንድ ከሰዓት ልትሰበስበው ነው። እሱም ይመልሳል። እየመለሰ ሲሄድ ቃሏ ቀለል አለችው፣ "ደ"ን ጎተት ማድረጉ ተመለሰ።

ከዚያ ዝም አለ። ፈራሁ፤ አደከምነው ብዬ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። አባዬ በሩ በሩን እያየ ነው። ግንባሩ ተቋጥሯል፤ ድር ሲበጠስበት የሚቋጠረው መቋጠር። ውጭ እማዬ "ቤቶች!" ትላለች አሁንም። አባዬ ቀኝ እጁን አንስቶ ጠረጴዛውን መታ።

"ግቢ!" አለ።

እማዬ ገባች።